ጎጃም ስንት በር አለው? ከሰባራ ድልድይ እስከ ፈጣኑ መንገድ

ካርታ በእጁ ያለ ካርታውን ይዘርጋ፤ የሌለው በአእምሮው ይሳል። አባይ ከጣና ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ዞሮ ሱዳን ይገባል። በዚህ ቅስት ውስጥ የተኛው አገር ጎጃም ነው። ሦስት ጎኑን የከበበው ደግሞ ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሩት ጅረት ሳይሆን፣ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚያስወርድ ገደል ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋናተኛ እንኳ አይደፍረውም።

ስለዚህ የጎጃም የመንገድ ታሪክ ከሁሉ በፊት የመሻገሪያ ታሪክ ነው። በበጋ የት ይሻገሩ ነበር? ድልድዩን ማን ሠራው? ማንስ አፈረሰው? ማን ሊጠግነው ይገባ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ተከትሎ የሄደ ሰው የመንግሥትንና የገበሬውን ግንኙነት ታሪክ አብሮ ያገኘዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ስለ መንገድ ስናወራ የለመድነው ኪሎ ሜትር መቁጠር ነው። ለነዋሪው ግን ዋናው ቁጥር የበሮቹ ብዛት ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሰላም ቀን ምንም አይጎድለውም። ችግሩ የሚታወቀው በሩ ላይ እሳት የተነሣ ቀን ነው። ይህን ለማሳየት ከቢቸናና ከሞጣ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

*ሞጣ ፊት ለፊት በነበረች ጊዜ*

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጣ የሚሄድ ሰው ወደ 370 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ አባይ ይወርዳል፣ ደጀን ላይ ይወጣል። ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ የትመንን፣ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን እያለፈ ሞጣ ይደርሳል። በዚህ አካሄድ ሞጣ ከዋናው መስመር ወጣ ያለች፣ ከኋላ በኩል ያለች ከተማ ትመስላለች።

መናገሻው ጎንደር በነበረበት ዘመን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ከጎንደርና ከበጌምድር ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ አልፎም ወደ ሸዋ ለሚወርድ ነጋዴ፣ አባይን እንደተሻገረ ፊት ለፊት የሚያገኛት ሞጣን ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ የቆመውም እዚያው፣ በሞጣ በኩል ባለው የአባይ ገደል ውስጥ ነው። ሕዝቡ ዛሬ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። በዚያው ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ጢስ ዓባይ አጠገብ ከተሠራው ድልድይ ጋር፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት አባይን በድንጋይና በኖራ ያሰሩባቸው ሁለቱ ቀደምት ድልድዮች ናቸው።

ይህ አካባቢ ዳር አገር አልነበረም። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ሁሉ በዚሁ ሰፈር ናቸው። ዲማን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ግን ቦታውን ከምናብ አላመጡትም፤ ራሳቸው የተማሩበት ደብር ነው። ከአራቱም ማዕዘን የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ የሚመጣበት አገር መንገድ አልነበረውም ማለት አይቻልም። አስፋልት አልነበረውም እንጂ መንገድስ ነበረው። ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨውና ቡና ጭኖ፣ ተማሪው ቅኔ ፍለጋ፣ ወታደሩ ዘመቻ ተጠርቶ ሄዶበታል።

በኋላ መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ካርታው ዞረ። ሞጣ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም፤ አገሪቱ ፊቷን አዞረች እንጂ።

*መንገዱን የሠራው ማን ነው? ለምንስ?*

በአገራችን መንገድ ማሠራትን እንደ ትልቅ የመንግሥት ሥራ የጀመሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ተራራ እያስናዱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እየተሸከሙ ወራት የፈጀ መንገድ አሠርተዋል። የመንገዱ ዓላማ አንድ መድፍ ማሳለፍ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ አዲስ ዓለም አሠሩ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ግን ወራሪው ጣሊያን ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ተራራ ሰርስሮ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ቀድዶ መንገድ ዘረጋ። ዛሬም ቢሆን «ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእኛ አልነበረም። ወታደር፣ ጥይትና ስንቅ በፍጥነት ለማድረስ፣ የጦር ሰፈርን ከጦር ሰፈር ለማያያዝ ነበር። በጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ዳንግላና ባሕር ዳር የጦሩ ዋና መቀመጫዎች ሆኑ። በምሥራቁ፣ በቢቸናና በሞጣ በኩልም ምሽግ ነበረው፤ ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር ግን የበላይ ዘለቀና የጓደኞቹ ነበር። ወራሪው ሲሸነፍም ከደብረ ማርቆስ የሸሸው ጦር አባይን የተሻገረው በሸፈርታክ ነው። ሲገባ የፈለገውን በር ሲወጣም ፈለገው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ የመጡት በዚያው በምዕራቡ ነው። ከኦሜድላ ተነሥተው በበላያ ተራራ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሾመ፤ ከማዕከሉ ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። በቢቸናና በማዕከሉ መካከል ያለው ቅሬታ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አያውቅም።

*የብድሩ ካርታ*

በ1943 ዓ.ም. መግቢያ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ ፈቀደ። ከዚህም ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አሜሪካውያን መሐንዲሶችም አገዙት። እስከ ዛሬ ብዙ ሽማግሌዎች የመንገድ ሥራን ሁሉ በደፈናው «አውራ ጎዳና» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ያ የመጀመሪያ ገንዘብ በዋናነት የዋለው አዲስ መንገድ ለመቀየስ ሳይሆን፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውንና በጦርነቱ የተበላሸውን ለመጠገን ነበር። አስተዋይ ውሳኔ ነው፤ የነበረውን ማዳን ከአዲስ መጀመር ይረክሳል። ውጤቱ ግን የወራሪው የጦር ካርታ የነጻዋ አገር የልማት ካርታ መሠረት መሆኑ ነው። የተጠገነው መንገድ መኪና ሳበ፣ መኪናው ንግድ ሳበ፣ ንግዱ ከተማ አሳደገ፣ ከተማው ደግሞ ሌላ በጀት ሳበ። ከዚያ የቀረ ቀረ።

ዋና ዋና መንገዶቻችንን ብትቆጥሩ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ተነሥተው እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር ይበተናሉ። አንዱ ወደ አዳማና ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ደሴና መቀሌ፣ ሦስተኛው በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ሌሎቹ ወደ ነቀምትና ወደ ጅማ። ጨረሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት አግዳሚ መንገዶች ግን ጥቂት ናቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 የኢንተርስቴት መንገዳቸውን በሕግ ሲደነግጉ በስሙ ውስጥ «መከላከያ» የሚል ቃል አስገብተውበታል፤ እነሱም ወታደሩን አልረሱትም ማለት ነው። ቅርጹ ግን መረብ ነው። ጎዶሎ ቁጥር የያዙት ከደቡብ ሰሜን፣ ሙሉ ቁጥር የያዙት ከምዕራብ ምሥራቅ ይሄዳሉ። በመረብ ውስጥ አንዱ ክር ቢበጠስ በሌላው ይዞራል። በጨረር ውስጥ አንዱ ከተቆረጠ ጫፉ ላይ ያለው ሁሉ ተዘጋበት።

*ገበሬው መንገድን ለምን ጠረጠረ?*

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በጎጃም አዋጁ የርስት መሬት መለካት መጀመሪያ ተደርጎ ተቆጠረ። ሞጣና ቢቸና ያኔ አውራጃዎች ነበሩ፤ ዐመፁ የጠነከረውም እነሱን በመሰሉ አውራጃዎች ነው። ገማቾች በፖሊስ ታጅበው ሄዱ፣ ገበሬው ጠመንጃ አነሣ፣ መንግሥት የአየር ኃይል እስከመጠቀም ደረሰ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

ይህ ታሪክ ከመንገድ ጋር ምን አገናኘው? ለገበሬው መንግሥት ማለት በመንገድ የሚመጣ ነገር ነበር። ገማቹ፣ ፖሊሱ፣ ወታደሩ በመንገድ ይመጣል። ሐኪሙና መምህሩ ግን ገና አልመጡም፤ ወይም በጣም ጥቂት ነበሩ። መንገድ የሚያመጣውን ዕዳ ከሚያመጣው ጥቅም በፊት ያየ ሰው ቢጠረጥር ፍርደ ገምድል አይባልም። ከተማ ላይ ተቀምጠን «ገበሬ ልማት አይወድም» ስንል የኖርነው ይህን ሳንጠይቅ ነው።

መንገዱ ጥቅም ይዞ ሲመጣማ ምን እንደሚሆን አይተናል። ከደጀን ወደ ቢቸና ሲሄዱ የምትገኘው የትመን በነጭ ጤፏ የታወቀች ናት። በኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ዘንድም ለዓመታት ከተጠኑት 15 የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች አንዷ ናት። በእነዚህ መንደሮች ላይ ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 በመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ፣ የፍጆታ ዕድገትንም በ16.3 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለተራው ሰው ሲተረጎም፦ አይሱዙ ደጅ ድረስ ከመጣ ጤፉ በጊዜ ይሸጣል፣ ማዳበሪያው በጊዜ ይደርሳል፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትንከራተት አታድርም።

*በገመድ የተሳበው ሕዝብ*

ወደ ሰባራ ድልድይ እንመለስ። ድልድዩ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰብሯል። የመካከሉ ቅስት የፈረሰው በወረራው ዘመን የጣሊያንን ጦር ለማገድ እንደሆነ ይነገራል። ምክንያቱ ክቡር ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይጠገን ቀረ። በሞጣ በኩል ያለውና በበጌምድር በኩል ያለው ገበሬ ገበያ ለመውጣት፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለቅሶ ለመድረስ ሲፈልግ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች በገመድ እየሳቡ ያሻግሩት ነበር። ከሥሩ የሚፈሰው አባይ ነው።

ያንን ትዕይንት የሚያሳይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ አየው። ሰውየው ገንዘብና ዕቃ አሰባስቦ መጣ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ በ1994 ዓ.ም. የፈረሰውን ክፍል አገናኘ። በድሃ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ለፍራንዝና ለባልደረቦቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ለእኛ ግን ታሪኩ ያሳፍራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራና በድንጋይ የተሻገርነውን ወንዝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በገመድ ስንሳብ ነበር። ንጉሣዊው መንግሥትም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ያንን ክፍተት አልፈውታል። ገንዘብ ስላልነበረ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሲታይ ያ ድልድይ የትም አያደርስም፤ ዳርን ከዳር ነው የሚያገናኘው። በጨረር ካርታ ላይ ደግሞ ዳርን ከዳር የሚያገናኝ መንገድ ቦታ የለውም።

*አቋራጩና የጋራው በር*

ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ብዙ መንገድ እንደተሠራባቸው መካድ አይቻልም። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር አገሪቱ የነበራት 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የወረዳ መንገዶች ሲደመሩ ከ100,000 በላይ ደርሷል። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የሞጆ–ሐዋሳው ተጀመረ። የጃፓን መንግሥት በሰጠው እርዳታ 303 ሜትር የሚረዝመው የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አባይ በረሃ ላይ ተመረቀ። ባሕር ዳርም በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሆነ አዲስ ድልድይ አገኘች።

ለብዙ ዘመን ጠጠር የነበረው የደጀን–ቢቸና–ሞጣ–ባሕር ዳር መንገድም በእኛ ዕድሜ አስፋልት ለበሰ። በዚህ መስመር ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ከመዞር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀንስለታል። የአውቶቡስ ሹፌሮች «በሞጣ» ማለት ጀመሩ። ቢቸና መናኸሪያ ከአካባቢው ውጭ ያለ ታርጋ በረከተባት። ሞጣ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና መተላለፊያ ሆነች።

ነገር ግን በሩን ቁጠሩት። የምዕራቡም የምሥራቁም መንገድ በደቡብ የሚገናኙት ደጀን ላይ ነው፤ በሰሜን የሚገናኙት ባሕር ዳር ላይ ነው። ሁለት መንገድ ነው ያለን፣ በሩ ግን ያው ነው። አንድ ትልቅ መኪና አባይ በረሃ ላይ ቢገለበጥ ሁለቱም ይቆማሉ። ከአባይ ማዶ መንገዱ ቢዘጋ ሁለቱም ይዘጋሉ።

ይህ ነገር ከግምት አልፎ ደርሶብናል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ለእነዚያ ልጆች ወላጆች ሌላ የየብስ አማራጭ ማለት በደሴ መዞር ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው ተዋጊው አይደለም። መድኃኒት ያለቀበት ጤና ጣቢያ፣ ሪፈር የተባለ በሽተኛ፣ ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ነው የሚጎዳው። ጤፉ የትመን ላይ ይረክሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ይወደዳል፤ በመሃል ያለው ልዩነት የበሩ ዋጋ ነው።

*ታዲያ ምን ይሁን?*

የሚፈለገው መንገድ ስም ያለው ነው። ከሞጣ ወደ ጃራ ገዶ፣ ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው፤ ከጉንደ ወይን ወደ መካነ ሰላም፣ ጎጃምን ከወሎ የሚያገናኘው፤ ከደብረ ማርቆስ በድጎ ጽዮን ወደ ሞጣ፣ ሁለቱን የጎጃም መስመሮች በመሃል የሚያያይዘው። ሦስቱም ስማቸው ለዓመታት ሲነሣ የኖረ ነው። የመጀመሪያው የሰባራ ድልድይን ሥራ በመኪና የሚተካ ነው። ሦስቱም ከአዲስ አበባ አይነሡም፤ ለዚህ ነው ወረፋቸው የሚረዝመው ብዬ አምናለሁ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። አንደኛው የገንዘብ ነው። ፈጣን መንገድ ክፍያ ይሰበስባል፣ የጅቡቲን ጭነት ያሳልፋል፣ ዕዳውን ይከፍላል፤ በሞጣና በጃራ ገዶ መካከል ግን በቀን ስንት መኪና ያልፋል? እውነት ነው፣ ጥቂት ነው። ነገር ግን መኪና በሌለበት መኪና ቆጥሮ መንገድ አያስፈልግም ማለት፣ ድልድይ የሌለውን ወንዝ አይቶ ተሻጋሪ የለም እንደማለት ነው። በሰባራ ድልድይ በገመድ የተሳቡት ሰዎች ተሻጋሪዎች ነበሩ፤ ማንም አልቆጠራቸውም እንጂ።

ሁለተኛው የጸጥታ ነው። ብዙ መንገድ ለታጣቂም ይመቻል የሚል ሰው አለ። የአምስቱ ዓመት ወረራ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ያለ መንገድ የቀረ አገር ለታጣቂ ምሽግ ይሆናል። በአንጻሩ አንድ ብቻ መንገድ ያለው አገር፣ ያችን አንድ መንገድ የያዘ ማንም ይሁን ማን ሕዝቡን በሙሉ ይይዛል። መንግሥት ቢሆን፣ ታጣቂ ቢሆን፣ ሽፍታ ቢሆን ለተጓዡ ያው ነው። ብዙ በር ባለበት ግን ማንም በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሊያስከፍል አይችልም።

በእርግጥ ሰላም ከሌለ መቶ በርም ዋጋ የለውም፤ አስፋልት ጦርነት አያቆምም። ሰላም ሲመጣ ግን እንደ ልማዳችን ካርታውን ከአዲስ አበባ ጀምረን እንዳንስለው እፈራለሁ። ጣሊያን ለጦር ሰፈሩ የቀየሰውን እኛ ለሰማንያ ዓመት ስናድሰው ኖረናል። የፋሲለደስ ግንበኞች ግን ወንዙን ያዩት ከሁለቱም ዳርቻ ነው።

በሚቀጥለው የበጀት ወቅት ሚኒስትሮች «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሠራን» ሲሉ ስትሰሙ ኪሎ ሜትሩን ተዉት። ይልቅ የተወለዳችሁበትን ወረዳ አስቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ዋናው መንገድ ዛሬ ማታ ቢዘጋ፣ ነገ ጠዋት በሽተኛ በየት ይወጣል?